ሞስኮ ወይስ ፒተርስበርግ? ሩሲያን ለመጀመሪያ ጊዜ ለምታዩ

«ሩሲያ ልሄድ ነው፤ ሞስኮ ይሻላል ወይስ ፒተርስበርግ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። በየትኛው ወር ነው የምትሄደው? ሰዉ ስለ ቤተ መንግሥቱና ስለ ሙዚየሙ እንድነግረው ይጠብቃል። ወሩን ሳላውቅ ግን አፌን ሞልቼ መናገር አልችልም። ሁለቱም ከተሞች ያምራሉ። ዓመቱን ሙሉ ግን እኩል አያምሩም።

ላሳጥረው። ከግንቦት አጋማሽ እስከ መስከረም ከሆነ ፒተርስበርግ ሂዱ። ከኅዳር እስከ መጋቢት ከሆነ ሞስኮ። ያላችሁ ጊዜ ከአራት ቀን በታች ከሆነ ደግሞ አንዱን ብቻ ያዙ። ሁለቱን በአራት ቀን ለማየት የሞከረ ሰው የሚያስታውሰው ባቡር ጣቢያ ብቻ ነው። ከዚህ በታች ምክንያቴን ልዘርዝር። ወሩም ዓመተ ምሕረቱም በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ ስለ መሄዱ ራሱ

ሩሲያ ከየካቲት 2022 ጀምሮ ከዩክሬን ጋር ሙሉ ጦርነት ውስጥ ናት። ይህን ዘልዬ ስለ ፏፏቴ ብጽፍላችሁ እናንተን መበደል ነው። በሁለቱም ከተሞች ካፌው ይሠራል፣ ቲያትሩ ይሞላል፣ ሰው ይዝናናል። ግን በድሮን ምክንያት አውሮፕላን ማረፊያዎች ለሰዓታት ሊዘጉ ይችላሉ። የሞባይል ኢንተርኔትም ድንገት ይጠፋል። የአሜሪካ መንግሥት ዜጎቹ ወደዚያ እንዳይሄዱ ያስጠነቅቃል፤ የአሜሪካ ፓስፖርት ያላችሁ ይህን አንብባችሁ ወስኑ። ስለ ሠራዊቱ በአደባባይም ሆነ በፌስቡክ የሚሰነዘር ትችት በሕግ ያስቀጣል። ወታደርና ወታደራዊ ቦታ ፎቶ አታንሱ።

አንድ ነገር በተለይ ለወጣቶች። እዚያ ስትደርሱ «ጥሩ ደመወዝ ያለው ሥራ አለ፣ እዚህ ጋ ፈርሙ» የሚል ሰው ከመጣ ጥላችሁ ሂዱ። የማታነቡት የሩሲያኛ ወረቀት ላይ ፊርማችሁን አታኑሩ። ለሥራ ወይም ለትምህርት ብለው ሄደው ራሳቸውን ግንባር ላይ ያገኙ የውጭ ሰዎች አሉ።

ገንዘቡን በተመለከተ ሁለቱ ከተሞች አንድ ናቸው። ቪዛና ማስተርካርድ ከመጋቢት 2022 ጀምሮ ከሩሲያ ወጥተዋል። ከአዲስ አበባም፣ ከዱባይም፣ ከዋሽንግተንም የያዛችሁት ካርድ እዚያ ፕላስቲክ ነው። የሚበቃችሁን ዶላር ወይም ዩሮ በጥሬው ያዙ። ኖቱ አዲስና ያልተጨማደደ ይሁን። የተጻፈበት ወይም ጫፉ የተቀደደ ኖት ባንኩ ሊመልስባችሁ ይችላል። እኔ አንዴ በቀለም ምልክት የተነካች አንዲት መቶ ዶላር ይዤ ሦስት ባንክ ዞሬአለሁ። አራተኛውም አልተቀበላትም። እንደያዝኳት ተመለስኩ።

ሆቴሉ ስትገቡ ይመዘግባችኋል። የምዝገባዋን ወረቀትና ድንበር ላይ የምትሰጣችሁን የመግቢያ ካርድ ከፓስፖርቱ ጋር አብራችሁ ያዙ። ሜትሮ ውስጥ ፖሊስ ሰነድ ሊጠይቅ ይችላል፤ መልካችን ጎልቶ ስለሚታይ ደግሞ ከሌላው ቱሪስት ቶሎ ይጠይቁናል። ወረቀቱ ካለ በሁለት ደቂቃ ያልቃል።

አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። የሞስኮና የአዲስ አበባ ሰዓት አንድ ነው። ፒተርስበርግም እንዲሁ። ከአዲስ አበባ የምትነሱ ከሆነ ሰዓታችሁን ሳትነኩ ትደርሳላችሁ፤ የአየር መንገዳችንም በቀጥታ ሞስኮ ይበራል።

ፒተርስበርግ በሰኔ

የሩሲያው ንጉሥ ታላቁ ጴጥሮስ ይህችን ከተማ በ1703 ረግረግ ላይ ነው የመሠረታት። ሁለት መቶ ዓመት ለሚሆን ጊዜ የአገሪቱ ዋና ከተማ ነበረች። ስሟ ፔትሮግራድ፣ ከዚያ ሌኒንግራድ ሆኖ በ1991 ወደ ጥንቱ ተመልሷል። በአንድ ሰው ፈቃድ የታቀደች ስለሆነች ሁሉ ነገሯ መስመር አለው። ቦዩ፣ ድልድዩ፣ የሕንጻዎቹ ቁመት፣ ሁሉም ይናበባል። በእግር የምትታይ ከተማ ናት። ኔቭስኪ ጎዳና ላይ ወጥታችሁ ዝም ብላችሁ ብትሄዱ አትጠፉም፤ ቀኝም ግራም የሚታይ ነገር አለ።

በሰኔ ግን ሌላ ከተማ ትሆናለች። ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ተመልሳ ትወጣለች። በመሀል ያለው ጊዜ ጨለማ አይባልም። እንደ ንጋት ያለ፣ ወተት የተቀላቀለበት የሚመስል ብርሃን ነው። ነጭ ሌሊት ይሉታል። እኛ አገር ቀንና ሌሊት ዓመቱን ሙሉ እኩል ገደማ ስለሆነ ይህን በቃል ማስረዳት ይከብዳል። ሰውነት ይደነግጣል። እንቅልፍ እምቢ ይላል። ሕፃናት በእኩለ ሌሊት አደባባይ ላይ ብስክሌት ይነዳሉ።

ድልድዮቹ ደግሞ አሉ። መርከብ ለማሳለፍ በሌሊት መሀላቸው ተከፍሎ ወደ ላይ ይነሳል። ከ7 ሰዓት አካባቢ ጀምሮ አንድ በአንድ። በኔቫ ወንዝ ዳር ቆማችሁ የቤተ መንግሥቱ ድልድይ ሲከፈት እዩ። መጀመሪያ የመኪናው መንገድ ባዶ ይሆናል። ከዚያ አስፋልቱ ከነመብራት ምሰሶው ቀስ ብሎ ቀጥ ይላል። ምሰሶዎቹ ወደ ጎን ተኝተው ይታያሉ። ሰው ያጨበጭባል። እኔ የመጀመሪያ ቀን በዚህ ስደነቅ ሆቴሌ በወንዙ ማዶ መሆኑን ረስቼው ነበር። ሜትሮው ተዘግቷል፣ ድልድዩ ተነሥቷል። የማይነሱ ድልድዮች አሉ፤ ግን ከከተማው ዳር ስለሆኑ ታክሲው ዞሮ ዞሮ ነው የሚያደርሳችሁ። ስለዚህ ሆቴል ስትይዙ ኔቭስኪ ባለበት በኩል ያዙ። ይህን ምክር ማንም አልነገረኝም ነበር።

ኤርሚታዥን በአንድ ቀን እናየዋለን አትበሉ። በቀድሞው የነገሥታት ቤተ መንግሥት ያለው ይህ ሙዚየም ከ3 ሚሊዮን በላይ ዕቃ አለው፤ ሰኞ ሰኞ ደግሞ ዝግ ነው። የኔ ምክር ቀድማችሁ አምስት ነገር መርጣችሁ ለሱ ብቻ መሄድ ነው። ከአምስቱ አንዱ የሬምብራንት «የጠፋው ልጅ መመለስ» ይሁን። ታሪኩን ከልጅነታችን እናውቀዋለን። ስዕሉ ፊት ስትቆሙ መጀመሪያ የልጁን እግር እዩ። አንደኛው ጫማ ወልቆ ወድቋል። የውስጥ እግሩ ቆሽሾና ተላልጦ ወደ እናንተ ዞሯል። ከዚያ የአባትየውን እጆች እዩ። ሁለቱ አይመሳሰሉም። አንዱ የአባት፣ ሌላው ለስለስ ብሎ የእናት እጅ ይመስላል። እዚያ ፊት ለፊት ሃያ ደቂቃ ቆሜአለሁ። ሌላውን አዳራሽ በሩጫ ባልፈውም አይቆጨኝም። ማቲስንና የአዲሱን ዘመን ሰዓሊዎች የምትፈልጉ ደግሞ ከቤተ መንግሥቱ ውስጥ አታገኟቸውም። ከአደባባዩ ማዶ ባለው የጄኔራል እስታፍ ሕንጻ ነው ያሉት፤ ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ይመለሳል።

ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የፔተርሆፍ ቤተ መንግሥት ፏፏቴዎችም የሞቃቱ ወራት ነገር ናቸው። ከግንቦት ገደማ እስከ ጥቅምት ነው የሚሠሩት። ውሃው ያለ ፓምፕ፣ ከላይ ካሉ ኩሬዎች በራሱ ኃይል ወርዶ ነው የሚፈነዳው። በብርዱ ወራት ብትሄዱ ሐውልቶቹ ተሸፍነው፣ ውሃው ተዘግቶ ታገኙታላችሁ።

ከተማዋን ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ግማሽ ቀን ለፒስካርዮቭስኮዬ መቃብር ይስጥ። ከመስከረም 1941 እስከ ጥር 1944 ጀርመኖች ከተማዋን ከበው በረሃብ ፈጅተዋታል። እዚያ የተቀበሩት 490 ሺህ ያህል ሰዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ ሲቪሎች። የግል መቃብር ጥቂት ነው። የቀረው ረጃጅም የሣር ጉብታ ነው፣ በእያንዳንዱ ላይ ዓመቱ ተጽፏል። 1942 የሚለው አያልቅም። አሮጊቶች ከረሜላና ቁራሽ ዳቦ አስቀምጠው ይሄዳሉ።

ለኛ ሰው ፒተርስበርግ ያላት ሌላ ነገር

ሳር ቤት ያለውን ፑሽኪን አደባባይ በታክሲ የማያልፍ አዲስ አበቤ የለም። ሩሲያዊው ገጣሚ የሞተበት ቤት ፒተርስበርግ ነው፤ ሞይካ ቦይ ዳር፣ ቁጥር 12። ቅድመ አያቱ አብራም ጋኒባል ሕፃን ሆኖ ከአፍሪካ ተወስዶ በጴጥሮስ ቤት አድጎ ጄኔራል የሆነ ሰው ነው። ቤተሰቡ ሐበሻ ነው ሲል ኖሯል፤ እኛም የመረብ አካባቢ ሰው ነው እንላለን። ካሜሩን ነው የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ። እኔ ይህን ክርክር እዚህ አልፈታውም። ግን ፑሽኪን ራሱ በዚህ ዘሩ ይኮራ እንደነበር ለማየት የጽሕፈት ጠረጴዛውን ማየት በቂ ነው። ቀለም መያዣው ላይ አንድ ጥቁር ሰው መልሕቅ ተደግፎ ቆሟል። ወዳጁ የሰጠው ስጦታ ነው። በ1837 በዱኤል፣ ማለትም በሁለት ሰው የሽጉጥ ፍልሚያ፣ ቆስሎ የሞተው እዚያው ክፍል ውስጥ፣ መጻሕፍቱ መካከል ሶፋ ላይ ተኝቶ ነው። ሰዓቱ የሞተበት ላይ ቆሟል፣ ሩብ ጉዳይ ለዘጠኝ ከቀኑ። ቤቱ ጠባብ ነውና ትኬት ቀድማችሁ ያዙ።

የአፄ ምኒልክ መልእክተኞች በፊታውራሪ ዳምጠው መሪነት ወደ ሩሲያ የሄዱት በ1895፣ ከአድዋ በፊት ነው፤ የተቀበለቻቸው ከተማ ይህችው ናት። ኩንስትካመራ በሚባለው ሙዚየም ደግሞ ገጣሚው ጉሚልዮቭ በ1913 ወደ አገራችን ተልኮ የሰበሰበው ዕቃ አለ። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። በአንደኛው አዳራሽ በፈሳሽ የተቀመጡ የተጎዱ ፅንሶች አሉ፤ ልጅ ሌሊት ይባንናል።

ሞስኮ በታኅሣሥ

ታኅሣሥ ላይ ፒተርስበርግ ፀሐይ የምትወጣው ጠዋት 4 ሰዓት ነው። 10 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ከባሕሩ የሚመጣው ንፋስ ደግሞ እርጥብ ነው፣ አጥንት ውስጥ ይገባል። ሞስኮ በሙቀት መለኪያው ከሷ የባሰ ብትቀዘቅዝም ብርዱ ደረቅ ነው፤ ካፖርት ይመልሰዋል። ቀኑም ሰባት ሰዓት ያህል ብርሃን አለው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሞስኮ ትልቁ መስህብ ከመሬት በታች ነው። በረዶ ዘነበ አልዘነበ ግድ የላችሁም።

ሜትሮውን ማለቴ ነው። በ1935 ነው የተከፈተው። አንድ ትኬት ቆርጣችሁ ሳትወጡ ግማሽ ቀን ከጣቢያ ጣቢያ መዞር ትችላላችሁ። ከሙዚየም ይረክሳል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ግቡ፤ ከዚያ በፊት ሕዝቡ ያስጨንቃል። በማያኮቭስካያ ጣቢያ ወደ ላይ እዩ። ጣሪያው ውስጥ በየክቡ አንድ የሞዛይክ ስዕል አለ፣ በሙሉ ሰማይ ነው፤ አውሮፕላን፣ ጃንጥላ፣ አበባ። በ1941 ሰዉ ከቦምብ የተደበቀው እዚሁ ነው። የአብዮት አደባባይ ጣቢያ ደግሞ 76 የነሐስ ሐውልቶች አሉት። አንዱ የድንበር ጠባቂ ከነውሻው ነው። የውሻው አፍንጫ ወርቅ ሆኗል፤ ፈተና ያለበት ተማሪ ሁሉ እያሻሸው ስለሚያልፍ። ባቡር ውስጥ ስትቀመጡም ድምፁን አዳምጡ። ወደ መሀል ከተማ ስትሄዱ የሚናገረው ወንድ ነው፣ ከመሀል ስትወጡ ሴት። መንገድ የተሳሳተ ሰው በድምፁ ብቻ ያውቃል።

ቀይ አደባባይን በምሽት እዩት፤ በመብራት ነው የሚያምረው። የቅዱስ ባሲል ቤተ ክርስቲያን ከውጭ ሲያዩት ትልቅ ይመስላል። ውስጡ ግን ጠባብ መተላለፊያና ትንንሽ ክፍሎች ናቸው። በ16ኛው መቶ ዘመን አስፈሪው የተባለው ንጉሥ ኢቫን የካዛንን ከተማ ድል ባደረገ ጊዜ ያሠራው ነው። ክሬምሊን የሚባለው የጥንቱ ምሽግ ሐሙስ ሐሙስ ዝግ ነው። ሐሙስ አንድ ቀን ብቻ ሞስኮ ኖሮት ያለቀሰ ወዳጅ አለኝ።

ለእግር ግን ሞስኮ ከባድ ናት። 13 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አላት። መንገዶቿ ሰፋፊ ናቸው፤ ለመሻገር ከመሬት በታች ወርዳችሁ ትወጣላችሁ። ካርታ ላይ ቅርብ የሚመስለው ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ከወላጆቻችሁ ጋር፣ ጉልበት ከሚያማቸው ሰዎች ጋር የምትሄዱ ከሆነ ይህን አስቡበት። ፒተርስበርግም ቢሆን የሜትሮ መወጣጫዎቹ ረጃጅም ናቸው፣ አድሚራልቴይስካያ 86 ሜትር ጥልቀት አለው፤ ግን ሜትሮ ሳትገቡ መሀል ከተማውን መጨረስ ይቻላል።

ሞስኮ የወላጆቻችን ትውልድ ከተማም ናት። በ1960 በተቋቋመው በኋላም በፓትሪስ ሉሙምባ ስም በተጠራው ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። አባቱ እዚያ የተማረ ሰው ግቢውን አይቶ ፎቶ ቢልክለት ማትሪዮሽካ ከሚባለው የእንጨት አሻንጉሊት የበለጠ ስጦታ ነው።

ለጸሎት የሚሄድ ሰው

የሩሲያ ገና እንደኛው በፈረንጆች ጥር 7 ነው፣ በኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 29። ፋሲካም በአንድ ቀን ነው የምናከብረው። ለዚህ የሚሄድ ሰው ሞስኮን ቢመርጥ እመክራለሁ። ምክንያቴ ከሞስኮ 70 ኪሎ ሜትር ያለው የሰርግዬቭ ፖሳድ የሥላሴ ገዳም ነው። ቅዱስ ሰርግዮስ በ14ኛው መቶ ዘመን የመሠረተው ነው፤ በከተማ ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ሰዉ እያዜመ ወደ ቅዱሱ ዐፅም ይጠጋል። ፒተርስበርግ ላይ ደግሞ የቅድስት ክሴንያ ጸሎት ቤት አለች፣ ስሞሌንስክ መቃብር ውስጥ። ትንሽ ናት፤ ሰው ልመናውን በወረቀት ጽፎ ይተዋል።

ሴቶች ነጠላችሁን ያዙ። እዚያ መሸፈኛ ይዋሳል፤ የራሳችሁ ይሻላል። አንድ አሮጊት ነጠላዬን ጥለቱ ላይ በጣቷ እየነካች ብዙ ነገር ነገረችኝ፣ አልገባኝም፣ ግን እጄን ይዛ ሻማ ማብሪያው ጋ ወሰደችኝ። ጫማ አይወለቅም። መቆም እንደኛው ነው፣ ወንበር የለም። ቁርባን ግን አብረን አንቆርብም፤ ቤተ ክርስቲያኖቹ አንድ አይደሉምና ለመቀበል አትሰለፉ። በጾም ጊዜ ምግብ ቤት ስትገቡ «ፖስትኖዬ ሜኑ» በሉ። የጾም ምግብ ማለት ነው፤ በዐቢይ ጾም ብዙ ቦታ አለ። እንጉዳይ፣ ባክዊት የሚባለው ጥራጥሬ፣ የጎመን ሾርባ።

ሙስሊም ለሆናችሁ ደግሞ ሦስተኛ አማራጭ አለ፣ ካዛን። ታታሮች የሚኖሩባት ከተማ ናት። ክሬምሊኑ ውስጥ በ2005 የተከፈተው የቁል ሸሪፍ መስጊድና የኦርቶዶክስ ካቴድራል ጎን ለጎን ቆመዋል። ሐላል ምግብ መፈለግ አያስጨንቅም። ከሞስኮ የአንድ ሌሊት ባቡር ነው። ለመጀመሪያ ጉዞ ብቻዋን ባትበቃም ከሞስኮ ጋር ሁለት ቀን ጨምሩላት።

ሰባት ቀን ካላችሁ

ያኔ ሁለቱንም እዩ። በሞስኮ ግቡ፣ ሁለት ቀን ተኩል ለሷ፣ የቀረው ለፒተርስበርግ። በብርዱ ወራት ከሆነ ገልብጡት። በመሀላቸው 650 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። ሳፕሳን የሚባለው ፈጣን ባቡር በአራት ሰዓት ገደማ ያደርሳል። የውጭ ካርድ ስለማይሠራ ትኬቱን ጣቢያው ላይ በጥሬ ገንዘብ፣ ፓስፖርት ይዛችሁ ቁረጡ። በሰኔ ቶሎ ያልቃል፤ ሞስኮ በገባችሁ ቀን ግዙት።

ሲሄዱ ፈጣኑን፣ ሲመለሱ የሌሊቱን ባቡር ያዙ። ከ1931 ጀምሮ የሚመላለስ «ቀይ ቀስት» የሚባል አለ። ከፒተርስበርግ የሚነሳው ለእኩለ ሌሊት አምስት ደቂቃ ሲቀር ነው፤ ሲንቀሳቀስ ጣቢያው ላይ የከተማዋ መዝሙር ይለቀቃል። የፉርጎ አስተናጋጇ ሻይ በብረት መያዣ በገባ ብርጭቆ ታመጣለች። ማንኪያው ብርጭቆው ላይ እየተንጫጫ ነው እንቅልፍ የሚወስዳችሁ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሞስኮ ናችሁ።